ከላቦራቶሪ የወጣው ወረቀት ምን ይላል?

ከጤና ትምህርት ክፍል

ባለፈው ወር አንዲት እናት ወደ ላቦራቶሪያችን መስኮት ቀርበው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዟቸውን አራት ብጣሽ ወረቀቶች ፈትተው ሰጡን። ሁለቱ ከክሊኒክ፣ ሁለቱ ደግሞ ገበያ ውስጥ ካሉ መድኃኒት ቤቶች የወጡ ናቸው። በአራቱም ላይ «ዊዳል» የሚል ቃል፣ ከጎኑም 1፡160 የሚል ቁጥር ተጽፏል። እኒህ እናት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ «ታይፎይድ አለብዎት» ተብለው አራት ጊዜ መድኃኒት ወስደዋል። ለሁለቱ ጊዜ የመድኃኒት መግዣ በማጣታቸው ከራሽናቸው ላይ ዘይትና ዱቄት ሸጠዋል። ትኩሳቱና ድካሙ ግን አልለቀቃቸውም። «ልጆቼ፣ ይህ በሽታ ደሜ ውስጥ ሰፍሮ ቀረ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። በየቀኑ ወረቀት ይዘው ከመስኮታችን የሚመለሱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል አንብቦ የሚነግራቸው ግን ጥቂት ነው። ጥፋቱ በከፊል የእኛ የጤና ሠራተኞቹ መሆኑን አንክድም። ወረፋው ረጅም፣ ቋንቋው ባዕድ፣ ሰዓቱ አጭር ነው። ስለሆነም በዚህ እትም የላቦራቶሪ ምርመራ ምን ሊነግረን እንደሚችል፣ ምንስ ሊነግረን እንደማይችል ለማስረዳት እንሞክራለን። የእኒህን እናት ነገር የምንጽፈው በራሳቸው ፈቃድ ሲሆን፣ ፍጻሜውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ቃላቱ

«ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል መልካም ነገር ስለሚመስል፣ ውጤቱ ሲነበብለት «ተመስገን» ብሎ የሄደ ሰው አጋጥሞናል። በላቦራቶሪ ቋንቋ «ፖዘቲቭ» ማለት የተፈለገው ነገር ታይቷል ማለት ነው። የተፈለገው እርግዝና ከሆነ ምሥራች ሊሆን ይችላል፤ የወባ ተውሳክ ከሆነ ግን መድኃኒት ያስፈልጋል። «ኔጋቲቭ» ወይም «ኒል» ማለት ደግሞ የተፈለገው ነገር በዚያ ናሙና፣ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ መሣሪያ አልታየም ማለት ነው። ከዚህ የዘለለ ትርጉም የለውም።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ላቦራቶሪ የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ መሆኑ ነው። አያሌ ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው «ደሜን በሙሉ እዩልኝ» ይሉናል። ከአንድ ብልቃጥ ደም ሁሉንም በሽታ የሚያነብ መሣሪያ የለም። ወባ እንድንፈልግ ከታዘዝን ወባን እንፈልጋለን፤ በዚያው ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ቢሆን አናየውም፤ አልታዘዝንምና። ጥያቄው የሚወለደው ሐኪሙ ዘንድ፣ ከበሽተኛው አንደበት ነው። ስለዚህ ከመቼ ጀምሮ እንዳመምዎ፣ ትኩሳቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሣ፣ ሳል እንዳለብዎ፣ ክብደት እንደቀነሱ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ለሐኪሙ የሚናገሩት ከሚሰጡን ደም እኩል ዋጋ አለው። ስለ በሽታዎ ምንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ ሰው ካጋጠመዎ፣ «ምን ሊመረመርልኝ ነው? ለምንስ ተጠረጠረ?» ብለው ይጠይቁ። መብትዎ ነው።

ዊዳልና ተስቦ

ዊዳል ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ምርመራ ነው። ዕድሜው ከ125 ዓመት በላይ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ምርመራ የታይፎይድን ተሐዋስያን ራሳቸውን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ተሐዋስያኑን ለመዋጋት ያዘጋጃቸውን፣ አንቲቦዲ የሚባሉትን መከላከያዎች ነው። መከላከያው ደግሞ በሽታው ከዳነ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በደም ውስጥ ይቆያል። ነገሩ እንደ ጠባሳ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ ያለበትን ሰው ሁሉ ዛሬ ወድቋል አንለውም።

1፡160 የሚለውም ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ትርጉሙ ከደሙ የተለየው ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረሙ፣ 160 ጊዜ ያህል ቢቀጥንም እንኳ መከላከያው ምልክት ሰጥቷል ማለት ነው። ታይፎይድ በብዛት በሚገኝበት አገር ያደገ፣ ምንም የማያመው ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። የታይፎይድ ክትባት የወሰደ ሰው፣ ሌላ ዓይነት የሳልሞኔላ ተሐዋስያን የያዘው ሰው፣ አልፎ ተርፎም ወባ የያዘው ሰው በዊዳል ላይ «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። በተቃራኒው እውነተኛ ታይፎይድ የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቢመረመር ምንም ላይታይበት ይችላል። በአንድ ጊዜ የዊዳል ወረቀት ብቻ ተመሥርቶ ታይፎይድ ነው ማለትም አይደለም ማለትም አይቻልም። ቁጥሩ የሚረባው ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ሲያድግ ነው። የተሻለው ምርመራ ደምን በማሳደጊያ ብልቃጥ አስቀምጦ ተሐዋስያኑ ራሳቸው እንዲበቅሉ መጠበቅ ሲሆን፣ እሱም ቀናት ይወስዳል፤ በየክሊኒኩም አይገኝም።

በአገራችን ልማድ «ታይፎይድና ታይፈስ» እንደ መንትያ አብረው ይጠራሉ። ሁለቱም ተስቦ ተብለው ስለቆዩና የምርመራቸው ውጤት በአንድ ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ አንድ ይመስላሉ። ታይፎይድ የአንጀት ተስቦ ነው፤ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋል። ታይፈስ ግን የልብስ ቅማል የሚያስተላልፈው ሌላ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። «ዌል ፌሊክስ» የሚባለው የታይፈስ ምርመራም የዊዳል ድክመት አለበት። ስለሆነም አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠብታ ደም «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብሎ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሲሸጥለት መጠርጠር ይገባል። በየጊዜው ያለ ምክንያት የሚወሰደው እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለው መድኃኒት ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ ተሐዋስያኑን ያለማምዳል፤ እውነተኛው ሕመም በመጣ ዕለት መድኃኒቱ አልሠራም ይላል።

ወባ አልተገኘም ሲባል

ወባን የምንመረምረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከጣት ጫፍ የወጣውን ደም በመስተዋት ላይ አድርቆ፣ በቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሁለተኛው በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ ላይ ደም አንጠብጥቦ መስመር መውጣቱን የሚጠብቁበት ፈጣን ምርመራ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ይሳሳታሉ። በደሙ ውስጥ ያሉት ተውሳኮች ገና ጥቂት ከሆኑ ማይክሮስኮፑ ላያገኛቸው ይችላል። በሽተኛው ትላንት ከጓደኛው ግማሽ መድኃኒት ተቀብሎ ውጦ ከመጣም ተውሳኮቹ ሊደበቁ ይችላሉ። ስለዚህ ውጤቱ ኔጋቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ በ12 ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል። ልጅዎ እየተንቀጠቀጠ፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ እያለ ወይም እየደነዘዘ ከሄደ ግን የትላንቱን ወረቀት አይመኑት፤ ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ።

በሌላ በኩል ብዙዎቹ ፈጣን ምርመራዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የሚተወውን ንጥረ ነገር ነው። ይህም ሰውየው ከዳነ በኋላ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በደሙ ውስጥ ይቆያል። «መድኃኒቱን ጨርሼ በሳምንቱ ብመረመር አሁንም አለብህ አሉኝ» የሚል ሰው ሁሉ መድኃኒቱ አልሠራለትም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን በማይክሮስኮፕ ማየት ይሻላል።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች የሚያስፈልግ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአገራችን ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነትም በብዛት ይገኛል። ይህኛው በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ለፋልሲፓረም ብቻ የተሠራው ፈጣን መሣሪያ ደግሞ አያየውም። በተጨማሪም በኤርትራ፣ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገውን ንጥረ ነገር የማያመርቱ የፋልሲፓረም ተውሳኮች ተገኝተዋል። ስለዚህ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ ወይም በዚያ ሳለ ወባ ይዞት የነበረ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። እኛም መስተዋቱን በደንብ እናየዋለን።

«ጾመህ ና»

አንድ አዛውንት ለስኳር ምርመራ «ነገ ጾመው ይምጡ» ተብለው ተቀጠሩ። በማግሥቱ መጡ፤ የስኳሩ መጠንም ከፍ ብሎ ተገኘ። «አባባ፣ ጾመዋል?» ብለን ስንጠይቃቸው «እንዴታ! ከሽሮ በቀር በአፌ የዞረ የለም» አሉን። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ለክርስቲያኑ ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ነው፤ ለሙስሊሙ ወገናችን ደግሞ ውሃም ጭምር መተው ነው። ላቦራቶሪ የሚፈልገው ሁለቱንም አይደለም። ከምርመራው በፊት ለ8 ሰዓት ያህል ምንም ዓይነት ምግብ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ለስላሳ አለመውሰድ ነው የሚፈለገው። ንጹሕ ውሃ ግን መጠጣት ይቻላል፤ እንዲያውም በዚህ ሙቀት መጠጣት ይገባል። ከዚያ ወዲህ «ምንም ሳይበሉ ይምጡ» ማለትን ተምረናል።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ነገር የመለኪያው ልዩነት ነው። አንድ ወንድማችን በኬንያ ክሊኒክ የስኳር መጠኑ 7 ነው ተብሎ ቆይቶ፣ ሌላ ቦታ ባለ መሣሪያ ሲለካ 126 ወጣበት። አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኛ አደረ። ሁለቱ ቁጥሮች ግን አንድ ናቸው። በኢትዮጵያ የተለመደው መለኪያ ሚሊግራም ሲሆን፣ በኬንያ የተለመደው ሚሊሞል ነው። ሚሊሞሉን በ18 ሲያባዙት ሚሊግራሙን ያገኛሉ፤ 7 ጊዜ 18 126 ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ጭምር ይጠይቁ። ምንም ሳይበሉ ተለክቶ 126 ሚሊግራም (7 ሚሊሞል) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ያስጠረጥራል። ምልክት ለሌለው ሰው ግን አንድ ጊዜ በመለካት ብቻ አይወሰንም፤ በሌላ ቀን ይደገማል።

የደም ማነስም ተመሳሳይ ነገር አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የዚያ ነዋሪ ሰውነት አየሩ ሳሳ ስለሚልበት ቀይ የደም ሴል ጨምሮ ያዘጋጃል። ያ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ እንደዚህ ባለ ካምፕ ሲቀመጥ የሄሞግሎቢኑ ቁጥር ዝቅ ይላል። ከአዲስ አበባ ያመጡት ወረቀት 14 የሚል ሆኖ እዚህ 13 ቢሆን ደምዎን የጠጣው ማንም የለም። ነፍሰ ጡር ሴት ከ11 በታች ስትወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳትዘገይ መታየት ይኖርባታል።

የእናታችን ፍጻሜ

ወደ መግቢያችን እንመለስ። አራቱን ወረቀቶች ካየን በኋላ እናታችንን ይዘን ወደ ሐኪሙ ገባን። ሐኪሙ «ሳል አለብዎ?» ሲል ጠየቃቸው። «ሳሉማ የአቧራው ነው፤ እዚህ ካምፕ ውስጥ የማይስል ማን አለ?» አሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሲጠየቁ ሦስት ወር አልፎታል። ሌሊት ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። በአራቱም ጊዜ ስለ ሳሉ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ሳይናገሩ ቀርተዋል። በኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ ምክንያቱን ነገሩን። የቤተሰባቸው የሦስተኛ አገር ጉዳይ ተጀምሯል፤ «ሳንባ ነው ከተባልኩ ልጆቼ በእኔ ምክንያት ይቀራሉ» ብለው ፈርተው ነበር።

አክታቸውን ሰጡ። የአክታ ምርመራው «ጂን ኤክስፐርት» በሚባለው መሣሪያ ተደርጎ ቲቢ መሆኑ ታወቀ። ይህ መሣሪያ የቲቢውን ተሐዋስያን ዘር በ2 ሰዓት ገደማ ለይቶ ከማውጣቱም በላይ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን መድኃኒት የሚቋቋሙ መሆን አለመሆናቸውን ይናገራል። እናታችን መድኃኒቱን ጀምረዋል። ትንሹ ልጃቸውም ተመርምሮ የመከላከያ መድኃኒት ተሰጥቶታል።

ይህንን ፍርሃት ብዙ ሰው ስለሚጋራው በግልጽ እንናገር። ለጉዞ የሚደረገው «ሜዲካል» ላይ የሚያስተላልፍ የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው መድኃኒቱን እስኪጨርስ ጉዞው ይዘገያል፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው። ቲቢው ታክሞ የሚድን በሽታ በመሆኑ በሱ ምክንያት ብቻ ጉዳዩ አይዘጋም። ኤች.አይ.ቪን በተመለከተም ለአሜሪካ የነበረው የመግቢያ እገዳ ከጥር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተነሥቷል፤ ዛሬም «ደሜ ከተበላሸ አልሄድም» ብለው ከምርመራ የሚሸሹ ወገኖች ይህን አልሰሙም ማለት ነው። የአገሮች የመቀበያ ኮታና ፖሊሲ በየጊዜው የሚለዋወጥ ነው፤ እሱን የሚወስነው ግን የእርስዎ አክታ አይደለም።

የሌላ ጤነኛ ሰው አክታ ተቀብለው በራሳቸው ስም የሰጡ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። እንዲህ ያደረገ ሰው ያታለለው እኛን ሳይሆን በአንድ ሸራ ሥር አብረውት የሚያድሩትን ሕፃናት ነው። ራጁ ደግሞ አክታ አይበደርም፤ ሳንባው ላይ ያለው ነገር እዚያው ይታያል።

አክታ ሲባል ምራቅ አለመሆኑንም እንጨምር። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ፣ ምግብ ከመቅመስዎ በፊት አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ። ከቤት ወጥተው አየር በሚነፍስበት ቦታ፣ ከሰው ራቅ ብለው ይቁሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሰው ከደረትዎ ውስጥ ይሳሉ። የሚፈለገው ወፈር ያለው፣ የሚያዝለገልገው ነው። ምራቅ ከመጣልን ኔጋቲቭ ብለን እንጽፋለን፤ በሽታው ግን ደረት ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

ወንፊቱና ሚዛኑ

እስካሁን የተናገርነው ስለታመመ ሰው ምርመራ ነው። ምንም ሳያመው የሚመረመር ሰውም አለ። ይኸኛው የማጣሪያ ምርመራ ይባላል። የማጣሪያ ምርመራ ወንፊት ነው። ወንፊት ዱቄቱን ከእንክርዳዱ በጅምላ ይለያል እንጂ እያንዳንዷን ፍሬ አይመዝንም። በወንፊቱ ላይ የቀረው ሁሉ እንክርዳድ አይደለም፤ ገና በእጅ ይለቀማል።

ለማስረዳት ያህል 1,000 ሰው ቢመረመር፣ ከእነሱም መካከል በሽታው ያለባቸው 10 ብቻ ቢሆኑ ብለን እናስብ። ምርመራው ከ10ሩ በሽተኞች 9ኙን ይይዛል፤ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 5ቱን በስሕተት ይጠረጥራል እንበል። ጤነኞቹ 990 ስለሆኑ 50 ያህሉ በስሕተት «ፖዘቲቭ» ይባላሉ። በጠቅላላው 59 ሰዎች ተጠርተው በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው ማለት ነው። አንዱ በሽተኛ ደግሞ አምልጧል። ስለዚህ በማጣሪያ ላይ «ተመልሰው ይምጡ» የተባለ ሰው ተፈረደብኝ ብሎ ቤቱ አይዘጋ፤ ሁለተኛውን ምርመራ ለመውሰድ ይምጣ። «ነጻ ነህ» የተባለውም ምልክት ከታየበት ተመልሶ መምጣቱን አይተው።

በካምፑ ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው ማጣሪያ በሕፃናት ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ባለ ሦስት ቀለም ሪባን ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ደም አይወስድም፣ ማሽን አያስፈልገውም፤ የብዙ ልጆች ሕይወት ግን የሚተርፈው በሱ ነው። እናቶች ሪባኑ ቀይ ሲያሳይ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

የነፍሰ ጡሮች ምርመራም እንዲሁ ነው። የደም ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ የደም ዓይነት፣ ቂጥኝ፣ ኤች.አይ.ቪ፣ በጉበት የሚመጣው ሄፓታይተስ ቢ ይታያል። ስለ ቂጥኝ መጠየቅ ስድብ የሚመስላቸው ባሎች አሉ። እናቲቱ ሳታውቀው ጽንሱን የሚገድል በሽታ ነው፤ በፔኒሲሊን መርፌም ይድናል። የኤች.አይ.ቪ ፈጣን ምርመራ ደግሞ አዲስ የተያዘን ሰው እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ስለሚችል ሐኪሙ እንዲደገም ካዘዘ ያለ ምክንያት አይደለም። እናቷ ቫይረሱ ያለባት ሕፃን እስከ 18 ወር ዕድሜው ድረስ የእናቱን አንቲቦዲ ስለሚይዝ በተለመደው ምርመራ «ፖዘቲቭ» ቢወጣ ተይዟል ማለት አይደለም፤ ለሕፃናት የተለየ ምርመራ አለ።

ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ እኅቶችና እናቶች የማኅፀን በር ካንሰር ማጣሪያም እንዲጠይቁ እንመክራለን። በአንዳንድ ክሊኒኮች የሚሠራበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው፤ የአቼቶ ዓይነት የሆነ ቀጭን አሲድ ይቀባና የተለወጠው ክፍል ነጭ ሆኖ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይደረስበታል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ዕለት ይታከማል።

የደም ግፊት ለመለካት ሲመጡ ቢያንስ 5 ደቂቃ ቁጭ ብለው ይረፉ፤ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና፣ ሲጋራና ጫት አይጠቀሙ። ከፀሐይ ሩጠው ገብተው ወዲያው ቢለኩ ቁጥሩ የእርስዎ ሳይሆን የመንገዱ ነው። በልዩ ልዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን ከሆነ ነው ግፊት አለ የሚባለው።

ስለ ደሙ፣ ስለ ሰገራውና ስለ አስተርጓሚው

«ደማችንን ወስዳችሁ ትሸጣላችሁ» የሚል ወሬ አሁንም ይሰማል። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ከክንድ የምንወስደው አንድ ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ሰውነት ወዲያው ይተካዋል። ከምርመራ የተረፈውም ይወገዳል፤ ለማንም የሚሰጥ ደም እንዲህ ባለ ብልቃጥ አይቀዳም።

ሰገራን በክብሪት ሳጥን፣ በቅጠል ወይም በላስቲክ ቋጥረው የሚያመጡ አሉ። ካርቶኑ እርጥበቱን ይመጥጠዋል፤ የምንፈልገው አሜባ ደግሞ በሕይወት ሳለ ሲንቀሳቀስ ካልታየ ለመለየት ያስቸግራል። ከላቦራቶሪው መስኮት ክዳን ያለው ዕቃ በነጻ ይሰጣል። ሽንት ሳይቀላቀልበት፣ ቀጭን ተቅማጥ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይድረሰን። በዚህ ሙቀት ማለዳ የወጣ ናሙና እስከ ቀትር ቢቆይ አይጠቅመንም። ሽንት ሲሆን መጀመሪያ የሚወርደውን ትተው መካከለኛውን ይያዙ። ደም የተቀላቀለበት ሽንት የሚሸና ልጅ ካለ ግን ቢልሃርዝያ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች ጨምሮ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስፈልገናል፤ የትሉ እንቁላል በብዛት የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው።

አስተርጓሚን በተመለከተ አንድ የታዘብነውን ብቻ እንናገር። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለች እኅት፣ አስተርጓሚው ቃል በቃል በመመለሱ ለልብ ምርመራ ተልካ ነበር፤ ያማት የነበረው ቃር ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ምርመራ ከሚያምዎ ነገር ጋር አልገናኝ ካለዎት «እንደገና ንገርልኝ» ይበሉ። ስለ ማኅፀን፣ ስለ ኤች.አይ.ቪና ስለ መሰል ነገር የአሥር ዓመት ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይምጡ። ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። ውጤትዎም የእርስዎ ነው፤ ያለ ፈቃድዎ ለብሎክ መሪም፣ ለጎረቤትም፣ ለባለቤትዎም አይነገርም። ይህንን ያፈረሰ ሠራተኛ ካለ ለክሊኒኩ ኃላፊ ያመልክቱ፤ የእኛው ክፍል ሠራተኛም ቢሆን።

ወረቀቶችዎንም አይጣሉ። እናታችንን የረዳቸው አራቱን በነጠላቸው ቋጥረው ማቆየታቸው ነው።

በሚቀጥለው እትም ስለ ጨጓራ ምርመራ እንጽፋለን። እስከዚያው ድረስ ኦሜፕራዞል የሚውጡና ለጨጓራ ተሐዋስያን የሰገራ ምርመራ የታዘዘላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ከ2 ሳምንት በፊት ማቆም ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል፣ ናሙና ከማምጣታቸው በፊት ሐኪሙን ያነጋግሩ። የላቦራቶሪው መስኮት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ክፍት ነው።